መንገድ ያሳደጋቸው መኪኖች

አይፈል የሚባለው የምዕራብ ጀርመን ደጋ ሲያዩት የውድድር መኪና አገር አይመስልም። ጥድ የለበሱ ኮረብታዎች፣ ላሞች የተሰማሩበት መስክ፣ ጣሪያቸው በጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ቤቶች ያሏቸው ትንንሽ መንደሮች፣ በአንዱ ኮረብታ አናት ላይ ደግሞ የፈራረሰ የመካከለኛው ዘመን ምሽግ። ጉም አይጠፋውም። በበጋቸው እኩሌታ እንኳ ጠዋት ጠዋት ደብረ ብርሃንን የሚያስታውስ ቆፈን ከጫካው ይወጣል። መስኮቱን ዝቅ አድርገን ዳገቱን ስንወጣ መጀመሪያ የተቀበለን የእርጥብ ጥድ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ፣ ገና መንደሩ ሳይታይ፣ ከዛፎቹ ጀርባ የሞተር ጩኸት።

ወደዚያ የወሰደኝ ፍራንክፈርት አጠገብ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ መኪና ስናወራ እኔ እንዳደግሁበት ልማድ የእያንዳንዱን የፈረስ ጉልበት እጠይቀዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ ስለ አንድ መኪና ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ይኸው ነው፤ ስንት ሲሲ ነው፣ ስንት ይሄዳል፣ ዳገት ላይ እንዴት ነው። ሲመልስልኝ ቆይቶ፣ «ወንድሜ፣ እዚያ ስንደርስ ስለ ጉልበት የሚያወራ ብዙ ሰው አታገኝም» አለኝ። «ወሬው ጎማና ፍሬን ነው። ጉልበትማ ሁሉም አለው።»

የምንሄድበት የውድድር መንገድ፣ ኑርቡርግሪንግ፣ ለቅንጦት የተሠራ ቦታ አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አይፈል ከጀርመን ድሃ አካባቢዎች አንዱ ነበር። የአደናው አውራጃ አስተዳዳሪ የነበረው ኦቶ ክሮይትስ የውድድር መንገድ የመሥራቱን ሐሳብ አንስቶ ገፋበት፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ሥራው ተጀመረ፣ ሥራ ያጡ ሺዎች ተሰማሩበት፣ በ1927 ተከፈተ። የመጀመሪያውን የመኪና ውድድር ሩዶልፍ ካራቾላ በመርሴዲስ አሸነፈ። በምግብ ለሥራ የተቆረጠ የገጠር መንገድ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ የሚገባው ነገር አለ። ዛሬ የዓለም ውድ መኪኖች የሚፈተኑበትን መንገድ ያወጣው ችግር ነው። መንገዱም ያንን መልኩን አልለቀቀም። ተራራው በወጣበት ይወጣል፣ በወረደበት ይወርዳል፣ ጫካው በጠበበበት ይጠባል።

የሰሜኑ ዙር፣ ኖርድሽላይፈ የሚሉት፣ 20.832 ኪሎ ሜትር ነው። ከሰባ በላይ ኩርባ አለው፣ ከዝቅተኛው ቦታ እስከ ከፍተኛው 300 ሜትር ያህል ይወጣል። አሽከርካሪው ጃኪ ስቱዋርት በ1968 በጉምና በዝናብ ውስጥ ከተከታዩ በአራት ደቂቃ ርቆ ያሸነፈው እዚህ ነው፤ «አረንጓዴው ሲኦል» የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ውድድር በሌለበት ቀን ይህ ሁሉ በሕግ ክፍያ ያለበት ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። ሰሌዳና መድን ያለው መኪና የያዘ ማንኛውም ሰው ከፍሎ ይገባል። በአንድ በር የቤተሰብ ኦፔልና ኋላው ላይ ትልቅ ክንፍ የተከለ ፖርሼ ተከታትለው ሲገቡ አየሁ። ሰዓት መያዝ ክልክል ነው። ማለፍ በግራ ብቻ ነው፤ የዘገየው ቀኙን ይዞ በፍሬቻ ያሳያል፣ ፈጣኑ ያልፋል። የብረት አጥሩን የመታ ደግሞ ያበላሸውን ያህል ይከፍላል። ሥርዓቱ የተጠበቀው ሁሉም ሰው የሚያስከፍለውን ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ረፋድ ያሳለፍነው ብሩንሸን በሚባለው ቦታ ነው። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ወደ ቀኝ ይታጠፍና እንደገና ዳገት ይይዛል፤ ከበላዩ ያለው ሣር ደግሞ እንደ መድረክ ተዳፋት ነው። ሰዎች ታጣፊ ወንበር ዘርግተው፣ ቋሊማ ጠብሰው፣ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ያያሉ። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ጸጉራቸው የነጣ ሰው መኪና በመጣ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት። የአክስቴ ልጅ በጀርመንኛ ጠየቃቸውና መልሳቸውን ተረጎመልኝ፤ አሽከርካሪው ነዳጅ የሚለቅበትና እንደገና የሚረግጥበት ቅጽበት በጆሮ ይበልጥ ይለያል ነው የሚሉት። እኔም እንደሳቸው ለማድረግ ሞከርኩ። እውነትም አንዱ ሞተር ኩርባው ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይቆራረጣል፣ ይንተባተባል፤ ሌላው አንድ ጊዜ ዝም ብሎ አንድ ጊዜ ይነሳል። ዓይኔን ስገልጥ የሁለተኛው መኪና ከመጀመሪያው ያነሰ ሆኖ አገኘሁት፤ ትንሽ፣ አሮጌ፣ የተላጠ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ገልጬ አንዱን ነገር ብቻ ተከታተልኩ፤ የፊት ጎማውን። ሞተሩ ከፊት የሆነው ከባድ መኪና ኩርባው ሲጠብቅበት አፍንጫው አልታጠፍ ብሎ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አሽከርካሪው መሪውን ቢጨምርም ጎማው ይጮኻል እንጂ መስመር አይለውጥም። ሞተሩ መሐል ላይ ያለው በወገቡ ይዞራል፤ ጠቆም ሲያደርጉት እዚያው ነው። ሞተሩ ከኋላ የሆነው ፖርሼ 911 ደግሞ ሁለት ባሕርይ አለው። ኩርባው አፍ ላይ ፊቱ ይቀላል፤ ስለዚህ የሚያውቀው አሽከርካሪ ፍሬኑን ወዲያው አይለቅም፣ እየቀነሰ እየቀነሰ ይዞት ይገባል፣ ክብደቱ ፊት ላይ እንዲቆይ። ከኩርባው ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ክብደት ኋላ ጎማ ላይ ይቀመጥና መኪናው መሬቱን ቧጥጦ ይነሳል። አንዱ ግራጫ 911 በዚህ መንገድ ወጥቶ ዳገቱን ሲይዝ ሣሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ፍጥነቱ ከሌሎቹ የበለጠ አልነበረም፤ ያስጨበጨበው ምንም አለመባከኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሁለት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ዙሩን አየሁ። አንደኛው የአክስቴ ልጅ ጋራዥ ደንበኛ የሆነ ሰው ኒሳን ጂቲ-አር ነበር፤ ሁለተኛው መንገዱን በማስተማር የምትተዳደር ሴት የምትነዳው ፖርሼ 911 ጂቲ3። ሁለቱን በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ አስፋልት ላይ ማየት ለእንዲህ ያለ ንጽጽር ትልቅ ዕድል ነው።

ጂቲ-አሩ ከ1,700 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል፣ ኮምፒዩተሩ ጉልበቱን ከጎማ ጎማ ያዘዋውራል። በፍሉግፕላትስ ጉብታ ላይ መኪኖች ይቀላሉ፤ ሰውነት ከወንበሩ የሚለይ ይመስላል። ጂቲ-አሩ እዚያ እንኳ አልተናወጠም። ኩርባ ውስጥ ገብቶ ነዳጅ ሲረገጥ ራሱ መስመሩን አግኝቶ ተተኮሰ። ሰውየው የሚሠራውን ያውቃል፣ ግን ግማሹን ሥራ የሚሠራለት ሌላ ነገር እንዳለ ከጎኑ ሆኜም ይሰማኛል። የገረመኝ ቁልቁለቱ ላይ ነው። በቀበሮው ቱቦ፣ ፉክስሮረ በሚሉት ገደል፣ ስንወርድና እንደገና ወደ ብራይድሻይድ ድልድይ ስናሽቆለቁል የፍሬኑ የተቃጠለ ሽታ ወደ ውስጥ ገባ። ሰውየው ወዲያው ፍጥነቱን ቀነሰ። ሊማሊሞን በጭነት መኪና የወረደ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል፤ ለዚያ ነው የኛ ሾፌሮች ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ የሚያወርዱት። የብረቱ ክብደት በእንቅስቃሴ የሰበሰበው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፣ ሙቀቱም መሄጃ ይፈልጋል። ከባዱ መኪና ምንም ያህል ብልህ ቢሆን ይህን ሒሳብ ማምለጥ አይችልም።

ጂቲ3ው ወደ 1,430 ኪሎ ግራም ነው፣ 510 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ቱርቦ የለውም፣ ሞተሩ እስከ 9,000 ዙር በደቂቃ ይጮኻል። መጀመሪያ ያስተዋልኩት የሴትዮዋን እጅ ነው። መሪው ላይ ይርገበገባል፤ ጥቂት፣ ጥቂት፣ ያለማቋረጥ። መንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ስፌት ወደ መዳፏ ይመጣል፣ እሷም ትመልስለታለች። ካሩሰል የሚባለው ኩርባ ውስጥ፣ መንገዱ ወደ ውስጥ ያጋደለ የኮንክሪት ገንዳ በሆነበት፣ መኪናው እየተንገጫገጨ ተቀምጦ ዞረ፤ እሷ ግን ዓይኗ ኮንክሪቱ ላይ አልነበረም፣ ከጠርዙ በላይ የሚታይ ዛፍ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ቤርግቨርክ ጋ ስንደርስ በጣቷ አሳይታኝ ነበር፤ ኒኪ ላውዳ ኦገስት 1 ቀን 1976 በፌራሪ የተቃጠለው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከእሳቱ ያወጡት አብረውት የሚወዳደሩት አሽከርካሪዎች ናቸው፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሞንዛ ላይ ተመልሶ አራተኛ ወጣ። ፎርሙላ አንድ ግን ወደዚህ ዙር አልተመለሰም። አስተማሪዋ ይህን ብላ ስታበቃ እግሯን ከነዳጁ ትንሽ አነሳች። እዚያ ኩርባ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ አስቀርቼ ነው የምሄደው አለችኝ።

ማታ ኑርቡርግ መንደር ውስጥ ፒስተንክላውዘ በሚባለው ምድር ቤት ምግብ ቤት በላን። ጥሬው ሥጋ በጋለ ድንጋይ ላይ ቀርቦ ይመጣል፣ እንደ ሸክላ ጥብስ እየጮኸ፤ እያገላበጠ የሚያበስለው ተመጋቢው ራሱ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በአሽከርካሪዎች ፎቶና ፊርማ ተሞልቷል። ቤቱ ያለበት ሆቴል የሳቢነ ሽሚትስ ቤተሰብ ነበር። ሳቢነ አደናው ላይ በ1969 ተወለደች፣ የኑርቡርግሪንግን የ24 ሰዓት ውድድር በ1996 እና በ1997 አሸነፈች፣ በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች፤ ዛሬ የዙሩ የመጀመሪያ ኩርባ በስሟ ይጠራል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጄረሚ ክላርክሰን በናፍጣ ጃጓር በብዙ ልምምድ 9 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲገባ፣ እሷ በዚያው መኪና 9 ከ12 ገብታለች። በኋላ ደግሞ ዕቃ በሚጫንበት ፎርድ ትራንዚት 10 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ። በአንድ መኪና በሁለት ሰው መካከል 47 ሰከንድ! የመኪና መጽሔቶች በሁለት መኪና መካከል ባለ ግማሽ ሰከንድ ወር ሙሉ ይከራከራሉ።

የዙር ሰዓት ሠንጠረዦችን ከልጅነቴ ጀምሮ የምወዳቸው ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ድንጋዩ እስኪበርድ የተጫወትነው ስለነሱ ነው። በ2008 ኒሳን ጂቲ-አሩ ዙሩን በ7 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ጨረሰ ብሎ አወጀ። ፖርሼ መኪናውን ገዝቶ ሞከረውና 7 ከ54 ብቻ አገኘ፤ ጠብ ተነሳ። የሁለቱ ክርክር ጎማና አሽከርካሪ ላይ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ እንዳለው ጉልበት ላይ አልነበረም። ርዝመቱም ቢሆን አንድ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ አምራቾች የሚለኩት 20.6 ኪሎ ሜትር ነበር፤ መነሻና መድረሻው መካከል 232 ሜትር ይቀር ነበር። ከ2019 ጀምሮ ሙሉው ዙር ይለካል። ጂቲ3ው በአጭሩ 6 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ፣ በሙሉው 6 ከ59.927 ገብቷል፤ በ232 ሜትር ምክንያት ሰባት ደቂቃን ለጥቂት ነው ያመለጠው።

ከነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ግን አንዱ ጥንድ ብዙ ይናገራል። በ2013 ፖርሼ 918 ስፓይደር፣ 887 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ኤሌክትሪክ ሞተር የታከለበት፣ በጣም ጥቂት ሰው የሚገዛው መኪና፣ አጭሩን ዙር በ6 ከ57 ጨርሶ ዓለምን አስደነቀ። ከስምንት ዓመት በኋላ ይህ እኔ የተቀመጥኩበት ጂቲ3፣ 377 የፈረስ ጉልበት ጎድሎት፣ በዚያው ርቀት በለጠው። ምን ተለወጠ? ክብደቱ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ቀነሰ። የፊት እግሩ አሠራር ከውድድር መኪናው ተወስዶ ባለ ሁለት ክንድ ሆነ፤ ኩርባ ውስጥ ጎማው አስፋልቱ ላይ ተኝቶ እንዲቆይ። ነፋሱ ወደ ታች ይጫነዋል። ጎማው ደግሞ ስምንት ዓመት የበለጠ ዕውቀት ያለበት ላስቲክ ነው። በ2024 መርሴዲስ-ኤኤምጂ ዋን በ1,063 የፈረስ ጉልበት 6 ከ29.090 አድርሶታል፤ ድንቅ ሥራ ነው። ግን ከጂቲ3ው እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ያስገኘው ልዩነት ሠላሳ ሰከንድ ያህል ነው። ሌላው ሁሉ ኩርባው ውስጥ ነው ያለው፣ ኩርባ ደግሞ በጉልበት አይገዛም።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ሽቱትጋርት፣ ሱፈንሃውዘን ያለውን የፖርሼ ሙዚየም አየን። ብዙ አልቆየሁበትም፤ ከኖርድሽላይፈ በኋላ የቆመ መኪና ማየት ይከብዳል። ግን የ1960ዎቹን 911 ጎን ለጎን አቁመዋቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ በጣም አጭር ናቸው። ኩርባ መሐል ደንግጦ ነዳጅ የለቀቀ ሰው ኋላው ይሸሽበት ነበር፤ በዚህ ክፉ ስም ወጣለት። ለ1969 ሞዴል መሐንዲሶቹ ሞተሩን ሳያነሱ የኋላውን ጎማ 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ አስኬዱት። ስድሳ ዓመት ሙሉ የሠሩት ይኸው ነው። ሞተሩን አጉል ቦታ ላይ አስቀምጠው፣ ከዚያ ስሕተቱን ጥቂት በጥቂት እየገሩ። እልኸኝነት ሊባል ይችላል። እኔ ግን ብሩንሸን ኩርባ ላይ ካየሁት በኋላ ታማኝነት እለዋለሁ፤ አንድን ነገር ጠባዩ እስኪገባ ድረስ አለመልቀቅ።

አልፕስን ተሻግረን ሞዴና ስንደርስ አገሩ ተዘረጋ። ሜዳ፣ ወይን፣ ሙቀት፤ ግንብ ቤቱ ቀይ፣ ምሳው ረጅም። በትኩስ መረቅ ውስጥ የሚዋኝ ቶርቴሊኒ በልተን፣ አሥራ ሁለት ዓመት በእንጨት በርሜል የከረመ ኮምጣጤ በጠብታ ቀምሰን ተነሳን። ማራኔሎ ከዚያ ቅርብ ናት። ከፋብሪካው ማዶ የፌራሪ የግል መሞከሪያ ዙር፣ ፊዮራኖ፣ አለ፤ በ1972 የተከፈተ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚያህል፣ በድልድይ ራሱን የሚያቋርጥ። ፌራሪ ለመንገድ መኪኖቹ የሚያውጀው የዚህን ዙር ሰዓት ነው እንጂ የኑርቡርግሪንግን አይደለም። ኤፍ40 1 ደቂቃ ከ29.6፣ ኤንዞ 1 ከ24.9፣ ላፌራሪ 1 ከ19.7፣ 296 ጂቲቢ 1 ከ21።

እዚህ አጥሩ ሥር ቆሜ ከአይፈል ይዤ የመጣሁት «የቱ ይበልጣል» የሚለው ጥያቄ ተፈታልኝ። ሁለቱ ፋብሪካዎች አንድ ጥያቄ ለየራሳቸው መንገድ ይጠይቃሉ፣ መንገዶቹም የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ፊዮራኖ ለጥ ያለ ነው፣ አስፋልቱ ለስላሳ፣ ኩርባው ቅርብ ለቅርብ። እዚያ የሚሸለመው ቶሎ የሚዞር አፍንጫ፣ ከኩርባ ኩርባ የሚዘል መኪና ነው፤ 296ን ስታዩት አጭር ነው፣ ሞተሩ መሐሉ ላይ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፣ መሪው ጥቂት ሲነካ እዚያው ይታጠፋል። ኖርድሽላይፈ ያሳደገው መኪና ደግሞ ጉብታ ላይ ቀልሎ ተመልሶ ሲያርፍ የማይደነግጥ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ ፍሬኑ የማይለግም መሆን አለበት። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አሰልፎ «የቱ ይበልጣል» ማለት የትም አያደርስም። የኔ ልብ ወደ አይፈሉ ያደላል፤ ያደግሁበት አገር መንገድ ወደዚያኛው ስለሚጠጋ ይሆናል። ጣርማ በርን፣ ዓባይ በረሃን የወረደ ሰው መኪና ሲመርጥ ቁልቁለቱ ላይ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል።

በፋብሪካው በር የሚያልፈው ጎዳና አቤቶኔ ይባላል፤ ወደ ደቡብ ሲከተሉት አፔኒን ተራሮችን ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለና ዳገቱ መሐል ካለች አንዲት ቡና ቤት ገባን። ፊት ለፊታችን ባለው ኩርባ ላይ በጥቁርና ነጭ ቅብ የተሸፋፈነ የሙከራ መኪና ወጣ፣ ጥቂት ቆይቶ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። አይቸኩልም ነበር። ውሃው በተኛበት ቦታ ላይ ፍሬን ይይዛል፣ ሲመለስ ትንሽ ቀደም ብሎ ይይዛል፣ በሦስተኛው ኩርባው ውስጥ ገብቶ ይይዛል። የአክስቴ ልጅ ቡናውን ትቶ ቆሞ ያየው ጀመር። «ይሄን ነው ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ የምመኘው» አለኝ። «መኪናው መቼ እንደሚለቅህ የጻፉት ደብተር አላቸው። ለኛ የሚሰጡን ግን ሰዓቱን ብቻ ነው።»

እኔም የምፈልገው ያንን ደብተር ነው። አዲስ ጎማ ያደረገ፣ በፋብሪካው ምርጥ አሽከርካሪ የተያዘ፣ አየሩ በተመረጠ ጠዋት አንድ ዙር የሄደ መኪና ስንት እንደገባ ሁሉም ያትማሉ። ጎማው ግማሹ ሲያልቅስ? አሥረኛው ዙር ላይ ፍሬኑ ስንት ሜትር ይረዝማል? አስፋልቱ ሲርስ፣ ሥራውን ውሎ የደከመ ተራ ሰው መሪውን ይዞ ሲደነግጥ፣ መኪናው አስቀድሞ ይነግረዋል ወይስ ዝም ብሎ ይለቀዋል? ዋጋው ከቤት የሚበልጥ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን የመጠየቅ መብት አለው፤ ከጎኑ የሚቀመጠውም ሰው እንዲሁ።